የአብራሪ እግርም ይማር

አቃቂ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ብረታ ብረቱን፣ ከቃሊቲ ጀምሮ የሚሰለፈውን የጭነት መኪና ነው። አውሮፕላን ትዝ የሚለው ጥቂት ነው። ሆኖም በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወደ መዲናዋ ሲገሰግስ፣ ኢትዮጵያ የነበሯት ጥቂት አውሮፕላኖች ከሚነሡባቸው ሜዳዎች አንዱ የአቃቂው ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 26 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጥተው ሜዳውን መቱት። ወር አልፎ በማግሥቱ አዲስ አበባ ተያዘች።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ ጀግንነቱ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ ትንሹን የኢትዮጵያ አየር ኃይል መርቷል። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛ አመላልሷል። ከእነሱ ቀደም ብለው አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ አብራሪዎች ተርታ ገብተዋል። የማይነሣው ሙያቸው ነው፤ በተለይም የእግራቸው ሙያ።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ አብርሮ ያመጣው ፖቴዝ 25 በኢትዮጵያ ምድር ያረፈ የመጀመሪያው አውሮፕላን ነው። ተደራራቢ ክንፍ፣ ከፊት ሁለት ጎማ፣ ከኋላ ደግሞ በጎማ ፈንታ መሬት እየጫረ የሚጎተት ዘንግ ነበረው። እንዲህ ያለው አውሮፕላን መሬት ከነካ በኋላ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው የአብራሪው እግር ብቻ ነው። እግሩ ለአፍታ ከዘገየ ጭራው ወደ ጎን ይሸሻል፣ አውሮፕላኑ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ክንፉ መሬት ይመታል። በእነዚያ ሜዳዎች ላይ አውሮፕላን ማሳረፍ ማለት በእግር ማሰብ ማለት ነበር።

ዛሬ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ትልቁን አየር መንገድ ታስተዳድራለች፤ አብራሪዎቿንም ራሷ ታሠለጥናለች፤ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ታሠለጥናለች። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለአንድ ነገር ነው፦ በዚህ ሥልጠና ውስጥ በእግር የሚታዘዘው የራደር ትምህርት ራሱን የቻለ ሰዓትና ራሱን የቻለ ፈተና ሊኖረው ይገባል። ከሌሎች ትምህርቶች ጋር አብሮ ይመጣል ተብሎ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ምክንያቱም ዘመናዊው አውሮፕላን ራሱ ይህን ሙያ ከአብራሪው እግር ቀስ በቀስ እየወሰደ ነው።

ራደር ከአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመው ክንፍ ጀርባ በማጠፊያ የተያያዘ ሰሌዳ ነው። አብራሪው ከእግሮቹ ሥር ሁለት ፔዳሎች አሉት። ቀኙን ሲረግጥ ሰሌዳው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ አየሩ ጭራውን ወደ ግራ ይገፋል፣ አፍንጫውም ወደ ቀኝ ይዞራል። ግራውን ሲረግጥ በተቃራኒው ይሆናል። አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ራደርን የአውሮፕላን መሪ አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። አውሮፕላን የሚዞረው አንዱን ክንፍ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ አድርጎ በማዘንበል ነው። ራደር ከመሪ ይልቅ ፍሪሲዮንን ይመስላል፦ ቃሊቲ ሄዶ ለመንጃ ፈቃድ የተፈተነ ሁሉ እንደሚያውቀው መኪናውን የሚያስኬደው ፍሪሲዮን አይደለም፤ ያለ እሱ ግን ማርሹ ይንጫጫል፣ መኪናው እየተናጠ ይቆማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ግራ ለመዞር አብራሪው መሪውን ወደ ግራ ሲያዘነብል፣ በቀኙ ክንፍ ጫፍ ያለው ኤሌሮን የሚባል ሰሌዳ ወደ ታች ታጥፎ ክንፉን ሽቅብ ያነሣዋል። ይበልጥ የሚያነሣ ክንፍ ግን አየሩም ይበልጥ ይይዘዋል። ስለዚህ ቀኙ ክንፍ ወደ ኋላ ይጎተትና የአውሮፕላኑ አፍንጫ አብራሪው ከፈለገው በተቃራኒ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ይህን የሚያርመው ከመሪው ጋር እኩል የሚንቀሳቀስ የግራ እግር ነው። ራይት ወንድማማቾች ይህን የተማሩት በብዙ ውድቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የሠሩት ሞተር አልባ ግላይደር ጭራው የማይንቀሳቀስ ስለነበር ሲያዘነብል ወዳልተፈለገ አቅጣጫ እየዞረ ይወድቅ ነበር። ጭራው እንዲንቀሳቀስ ሲያደርጉት ችግሩ ተቃለለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በሞተር የበረሩትም ይህንኑ መላ ይዘው ነው።

በማንኛውም የማሠልጠኛ አውሮፕላን ውስጥ፣ ፊት ለፊት ካሉት መሣሪያዎች መካከል ፈሳሽ በተሞላ ጎባጣ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የምትንከባለል ትንሽ ኳስ ትገኛለች። ኤሌክትሪክ አትፈልግም፣ አትበላሽም ማለት ይቻላል። ኳሷ መሃል ላይ ከሆነች እግርና እጅ ተስማምተዋል ማለት ነው። ወደ ቀኝ ከሄደች ቀኝ እግር ይፈለጋል፤ ወደ ግራ ከሄደች ግራ። አስተማሪዎች «ኳሷን ርገጥ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጥሩ አብራሪ ግን ኳሷን ሳያይ በመቀመጫው ያውቃታል፤ ሰውነቱ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ይሰማዋል፣ እግሩም ሳይታዘዝ ይመልሳል። ይህ ስሜት በሲሙሌተር ውስጥ ሙሉ ለሙሉ አይገኝም፤ ሲሙሌተሩ ምንም ቢራቀቅ እግሮቹ የተተከሉት መሬት ላይ ነውና ያንን ዘላቂ የጎን ግፊት ሊያሰማ አይችልም።

እጅና እግር ካልተስማሙ ምን ይመጣል? በከፍታ ላይ ተሳፋሪው ይናወጣል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ወደ መሬት ሲቀርብ ግን ይገድላል። በትንንሽ አውሮፕላኖች በዓለም ዙሪያ ከሚደጋገሙ ገዳይ ስህተቶች አንዱ ይህ ነው፦ አብራሪው ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲዞር ከማኮብኮቢያው መስመር ያልፋል። መሬቱ ቅርብ ስለሆነ ይበልጥ ማዘንበል ይፈራል። ስለዚህ አፍንጫውን በእግሩ ሊጎትት ወደ ውስጥ በኩል ያለውን ፔዳል ይረግጣል። አውሮፕላኑ በጎን እየተንሸራተተ ይዞራል፤ የውስጠኛው ክንፍ ፍጥነት ይቀንሳል፤ አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ ያ ክንፍ በድንገት መሸከም ያቆማል። አውሮፕላኑ ይገለበጥና እየተሽከረከረ ይወርዳል። 150 ሜትር ላይ ከዚህ ለመውጣት ቦታም ጊዜም የለም። አብራሪው የሞተው እግሩ ስላልሠራ ሳይሆን ባልሆነ ሰዓት ስለሠራ ነው።

ማረፍ የራደር ዋና ፈተና ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ፈተናው ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አየሩ የሳሳ በመሆኑ በፍጥነት መለኪያው ላይ 65 ኖት የሚያሳይ ትንሽ አውሮፕላን በእውነቱ ከ73 እስከ 76 ኖት ይበርራል፤ ሞቃት በሆነ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይኛው ቁጥር ይጠጋል። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መሬት ሲነካ የሚይዘው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በባሕር ወለል ከሚያርፈው መንትያው ከሩብ በላይ፣ አንዳንዴም ከሲሶ በላይ ይበልጣል። ራደሩ ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት ግን በመለኪያው ከሚታየው ፍጥነት ጋር ስለሚሄድ አይጨምርም። የአየሩ መሳሳት የጭራውን መወዛወዝ የሚያረጋጋውን ኃይልም ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ተማሪ ባሕር ዳርቻ ከሚማረው ጓደኛው ጋር እኩል በሆነ የራደር ጉልበት፣ ይበልጥ የሚከንፍና ቶሎ የማይረጋጋ አውሮፕላን መግራት አለበት።

የቦሌ ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች ጎን ለጎን የተዘረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ትንሽ ካዘነበለ አቅጣጫ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ያመራሉ። ነፋሱ በእነሱ መስመር ሲነፍስ ደግ ነው። ከሰሜን ከእንጦጦ በኩል ወይም ከደቡብ ከአቃቂ ሜዳ በኩል ሲመጣ ግን ሁለቱንም እኩል በጎን ይመታቸዋል፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ የተዘረጋ ሦስተኛ ማኮብኮቢያ የለም። በክረምት የነጎድጓድ ደመና ሲፈርስ የሚለቀቀው ነፋስ ደግሞ አቅጣጫውን በደቂቃዎች ውስጥ ይቀይራል። በጥንቱ ሰፊ የሣር ሜዳ አብራሪው ነፋሱን ፊት ለፊት እያየ በፈለገው በኩል ያርፍ ነበር። አስፋልት ይህን ነፃነት ወሰደ፤ በምትኩ እግርን ሥራ ጨመረበት።

በጎን ነፋስ የሚመጣ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ እንደ ሸርጣን በጎን ይቀርባል። 75 ኖት የሚበርር ትንሽ አውሮፕላን 15 ኖት የጎን ነፋስ ቢያጋጥመው አፍንጫው ከማኮብኮቢያው መሃል መስመር ወደ 11 ዲግሪ ገደማ ዘወር ብሎ ነው የሚወርደው። እንደዚሁ መሬት ቢነካ ጎማው በጎን ይፋቃል፣ የጎማው እግር ይጣመማል። ስለዚህ ሊነካ ሲል አብራሪው በራደር አፍንጫውን ከመስመሩ ጋር ያስተካክላል፤ በዚያው ቅጽበት ነፋሱ እንዳይወስደው በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ በመሪው ዝቅ ያደርጋል። እጅ ወደ አንድ ጎን፣ እግር ወደ ሌላው። ቀደም ካለ ነፋሱ ከመስመር ያስወጣዋል፤ ከዘገየ ጎማው ይጎዳል። ጥሩው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ከዚያ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ሲሄድ ራደሩ እየደከመ ስለሚመጣ እግሩ ይበልጥ፣ ደጋግሞም መሥራት አለበት። ጎማው ሲነካ «ደረስኩ» ብሎ እግሩን የሚያሳርፍ ተማሪ ብዙ ነው። ከማኮብኮቢያ የመውጣት አደጋ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰከንዶች ነው።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖችም ከዚህ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2008 ሃምቡርግ ላይ በከባድ ማዕበል ለማረፍ የሞከረ የሉፍታንዛ ኤርባስ ኤ320 የግራ ክንፉ ጫፍ ማኮብኮቢያውን ነካ። አብራሪዎቹ ሞተር ጨምረው ተነሡ፤ ሁለተኛ ሞክረው በሰላም አረፉ፤ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ክስተቱ በፊልም ተቀርጾ ዓለም አይቶታል። መርማሪዎች ብዙ ነገር አገኙ፤ ከእነዚህም አንዱ አንደኛው ጎማ መሬት እንደነካ የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር የመሪውን ምላሽ መለወጡ ነው። ሰው የኮምፒውተሩን ጠባይ ማወቅ አለበት፤ ኮምፒውተሩ ግን የሰውን እግር አይተካም።

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ይህን ሙያ በደንብ ያውቀው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የተጠቀመው ዳግላስ ሲ-47 ነው። ዲሲ-3 በሚል ስም ይበልጥ የታወቀው ይህ አውሮፕላን ከኋላው ትንሽ ጎማ ላይ የሚቀመጥ፣ የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ የሆነ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ጭራው ፊቱን ሊቀድም ሁልጊዜ ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ለመሆን የበቁት ዓለማየሁ አበበ በአዛዥነት የተቀመጡት በዚህ አውሮፕላን ላይ ነበር። ያንን ያሳረፈ እግር የተፈተነ እግር ነው። ቢሾፍቱ ላይም ቮን ሮዘን በመሩት የአየር ኃይል ዘመን የነበሩት የስዊድን ሳብ 17 አውሮፕላኖች ባለ ጭራ ጎማ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ደግሞ አየር መንገዱ «እሸት» የሚል ስም የሰጠውን የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን በአሜሪካ ፈቃድ አዲስ አበባ ላይ ገጣጠመ። እሸት፣ በትውልድ ስሙ አግ-ካት፣ ሁለት ተደራራቢ ክንፍና የጭራ ጎማ ያለው ነው። ከሰብል ላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ እየበረረ ይረጫል፤ የማሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሽቅብ ወጥቶ በጠባቡ ዞሮ ይመለሳል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ እጅና እግር ካልተስማሙ የሚሆነው ከላይ የተነገረው ነው። የመርጨት አብራሪዎች ብዙም አልተዘመረላቸውም፤ ሆኖም ከኢትዮጵያ አብራሪዎች ሁሉ እግራቸው እጅግ የሠለጠነው እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚያ በኋላ ጄት መጣ። ጄት የፕሮፔለር ነፋስ የለውም፤ አፍንጫው ሥር ጎማ ስላለው መሬት ላይ ራሱን ወደ ቀጥታ ይመልሳል፤ ያው ዳምፐር የሚባል መሣሪያ ደግሞ የጭራውን ውዝዋዜ በራሱ ያርማል። በበረራ ላይ የጄት አብራሪ እግሩን ወለሉ ላይ ቢያሳርፍ ማንም አይወቅሰውም፤ እንዲያውም ተገቢ ነው። አየር መንገዱ በብዛት ከሚያበርራቸው አንዱ የሆነው ቦይንግ 777 አንድ ሞተር ቢጠፋበት ልዩነቱን በራሱ አውቆ ራደሩን በራሱ ያስተካክላል። አገር ውስጥ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም የሚበርረው ባለ ፕሮፔለር ኪው400 ግን ያንን ሥራ ከአብራሪው ይጠብቃል። አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ያበረረችው ኪው400 ነው። አንድ አብራሪ በሙያ ዘመኑ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይሸጋገራል። እግሩ ተኝቶ ከቆየ የሚነቃው መቼ ነው?

አንድ ሞተር ሲጠፋ መልሱ በሰከንዶች ውስጥ ይፈለጋል። የሚሠራው ሞተር አውሮፕላኑን ወደ ሞተው በኩል ያዞረዋል፤ አብራሪው በሚሠራው በኩል ያለውን ፔዳል ረግጦ ቀጥ ያደርገዋል። ሥራ የፈታው እግር የሞተው ሞተር ባለበት በኩል ነው፤ እግር ስለ ሞተሩ ምስክር ይሆናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 2015 ታይፔ ላይ የትራንስኤዥያ ኤቲአር 72 በተነሣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቀኙ ሞተር ኃይል ሲያጣ፣ አብራሪው በስህተት የሚሠራውን የግራውን ዘጋ። 43 ሰዎች አለቁ። የአደጋው ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም ከመሣሪያው መስኮት በተጨማሪ በራሱ አካል ማመሳከር የለመደ አብራሪ የተሳሳተውን ማንሻ ከመያዙ በፊት የመጠራጠር ዕድሉ ይሰፋል።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው «እንግዲያው አብራሪዎች ራደሩን አብዝተው ይርገጡ» ብሎ ቢደመድም ግን አደገኛ ስህተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን 2001 ከኒውዮርክ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ የተነሣው የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 587፣ ከፊቱ የሄደ ቦይንግ 747 ጥሎት ወደ ሄደው የአየር አዙሪት ገባ። ረዳት አብራሪው ራደሩን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ በሙሉ ኃይሉ ደጋግሞ ረገጠው። የኤርባስ ኤ300 ቋሚ ጭራ ተገንጥሎ ወደቀ። 260 ተሳፋሪና ሠራተኛ፣ መሬት ላይ ደግሞ 5 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ መርማሪዎች ዋናው ምክንያት ያ አላስፈላጊና ከመጠን ያለፈ ርግጫ መሆኑን ገልጸው፣ የአየር መንገዱ ሥልጠና እና የአውሮፕላኑ የራደር አሠራር ስሱነትም አስተዋጽኦ ማድረጋቸውን ጻፉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ያ አብራሪ እግሩን አልረሳም፤ እግሩ የተማረው ግን ለሌላ ሁኔታ የሚሆን ልማድ ነበር። በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ መጨረሻው መርገጥ ችግር የለውም የሚለው እምነት በአብራሪዎች ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር፤ እውነቱ ግን ያ የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ርግጫ እንጂ ወዲያና ወዲህ ለሚገለበጥ አይደለም።

መሣሪያውም አንዳንዴ ይከዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ 25፣ በ1994 ፒትስበርግ አጠገብ 132 ሰዎች በሁለት ቦይንግ 737 አደጋዎች አለቁ። ከዓመታት ምርመራ በኋላ የራደሩ ቫልቭ ተጣብቆ አብራሪው ካዘዘው በተቃራኒ ሊያዞር እንደሚችል ታወቀ፤ አሠራሩም እንደገና ተቀየረ። በእነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያም በ737 ትበርር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኒውዋርክ ላይ ያረፈ የዩናይትድ 737 ማክስ ፔዳሎቹ ተቆልፈው ቀሩ፤ ካፒቴኑ በእጅ በሚዞረው የአፍንጫ ጎማ መሪ ማኮብኮቢያው ላይ አቆየው፤ የተጎዳ የለም። ፔዳሉ እንደወትሮው አለመሆኑን በቅጽበት የሚያውቀው፣ የወትሮው ምን ዓይነት እንደሆነ በደንብ የለመደ እግር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ማሠልጠኛዎች ምን ያድርጉ? ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ኢካኦ እ.ኤ.አ. በ2006 ለአየር መንገድ ረዳት አብራሪነት በቀጥታ የሚያበቃ ፈቃድ አጸደቀ። ከ240 ሰዓቱ አብዛኛው በሲሙሌተር ሊሆን ይችላል። ለትልቅ አየር መንገድ ይህ መንገድ ጠቃሚ ነው፤ የሁለት አብራሪዎች ትብብር፣ የአሠራር ሥርዓት፣ የአደጋ ጊዜ ልምምድ በሲሙሌተር በደንብ ይሰጣል። የጎደለው ግን በመቀመጫ የሚሰማው ስሜት ነው፤ እሱ በትንሽ አውሮፕላን፣ በእውነተኛ ነፋስ እንጂ በሌላ አይገኝም። በሲሙሌተር የሚቆጠበው ገንዘብ ጥቂቱ ወደዚያ ቢዞር አገር አትጎዳም።

አንዱ መላ በመጀመሪያዎቹ የሥልጠና ወራት ለእያንዳንዱ ተማሪ አሥር ሰዓት ያህል በባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላን ወይም በግላይደር መስጠት ነው። ባለ ጭራ ጎማ አውሮፕላን መሬት ላይ ይቅርታ አያውቅም፤ ተማሪውን ጎማው ቆሞ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ እግሩን እንዳያሳርፍ ያስተምረዋል። ግላይደር ደግሞ ክንፉ ረጅም ስለሆነ ያለ ራደር በጭራሽ በትክክል አይዞርም፤ ለመነሣት ካልሆነ በቀር ነዳጅም አይፈልግም። የአቪዬሽን ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ባለ ጭራ ጎማው ብዙ ይጎዳል፣ የመድን ክፍያው ይጨምራል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። ነገር ግን መሬት ላይ በዝግታ ሲሽከረከር ክንፉን የሚቧጭር አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቆርቆሮውን ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ሰው የጫነ አውሮፕላን ላይ እንዳይማሩት የሚያደርግ ነው። «የራደር ፔዳል ጨርሶ ያልፈለገ አውሮፕላንም ተሠርቷል» የሚል ሌላም አለ፤ ይህም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ የተሠራው ኤርኩፕ ፔዳል አልነበረውም፤ መሪውና ራደሩ ተያይዘው ነበር፤ በጎን ነፋስ ጠማማ ሆኖ ያርፍና ጠንካራ ጎማዎቹ ያቃኑታል። ለሁለት ሰው ትንሽ አውሮፕላን ያ ይበቃ ይሆናል። ኪው400 ወይም 737 ግን እንዲያ አልተሠራም፤ እነሱን የሚያበርረው ሰው ፔዳል ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ነገር የአመዘጋገብ ጉዳይ ነው። የተማሪ መዝገብ ስንት ጊዜ እንዳረፈ ይናገራል፤ በምን ያህል የጎን ነፋስ እንዳረፈ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ሰላሳ ጊዜ በጸጥተኛ ማለዳ ማረፍና አምስት ጊዜ በ12 ኖት የጎን ነፋስ ማረፍ እኩል አይደሉም። ታዋቂው ሴስና 172 በሙከራ የታየበት የጎን ነፋስ 15 ኖት ነው፤ ተማሪው ፈቃዱን ከመያዙ በፊት ከአስተማሪ ጋር ወደዚያ ወሰን መቅረብ አለበት። ማለዳ ጸጥ ሲል ብቻ በረራ የሚመደብ ከሆነ ተማሪው ነፋሱን መጀመሪያ የሚያገኘው ተሳፋሪ ጭኖ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ «ዛሬ ትምህርት የለም» ከማለት «ዛሬ የራደር ትምህርት ነው» ማለት ይሻላል፤ ወሰኑ እስካልታለፈ ድረስ።

ሦስተኛው ለካፒቴኖቹ ነው። ዓመቱን በሙሉ 787 ወይም ኤ350 የሚያበርር ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ከአስተማሪ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ቢወጣ፣ ክንፉ መሸከም እስኪያቆም ድረስ ቢያዘገየው፣ በጎን ነፋስ ቢያርፍ፣ የበረራ 587ን ታሪክም መሬት ላይ በደንብ ቢወያይበት ምን ይከብዳል? ከብዙ ሺህ ሰዓት በረራ ውስጥ ግማሽ ቀን ነው።

ቦታው ደግሞ አሁን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ የታሰበው ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ የአገሪቱን ትልልቅ በረራዎች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይስባል። በዚያ ዕቅድ ውስጥ ለትንንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖችና ለግላይደር የሚሆን፣ ከዋናዎቹ ማኮብኮቢያዎች የተለየ አቅጣጫ ያለው አጭር የሣር ሜዳ ቢካተት የሚጠይቀው መሬት ከጠቅላላው አንጻር ኢምንት ነው። የአቃቂን የድሮ ሜዳ መመለስ አይቻልም። የሚሠራውን አዲሱን ግን ከወዲሁ መወሰን ይቻላል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ለሣር ሜዳ የሚተርፍ ቦታ አይገኝም።

ለፈተናውም አንድ ቀላል ሐሳብ አለ። ፈታኙ ተማሪውን ከፍ ያለ ቦታ ወስዶ የመስተዋት ቱቦዋን በወረቀት ይሸፍን። ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቀ በተለያየ ዝንባሌ እንዲዞር፣ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ ሞተሩን እንዲጨምር ይዘዘው፤ በየመሃሉም ወረቀቱን አንሥቶ ኳሷ የት እንዳለች ይመልከት። ከዚያ ወርዶ በጎን ነፋስ ሦስት ጊዜ ያሳርፈው፤ ለሦስቱም በጎማው አቅጣጫና በማኮብኮቢያው መሃል መስመር ላይ በመቆየቱ ነጥብ ይስጠው። እጁ ጎበዝ የሆነ፣ እግሩ ግን ያልተማረ ተማሪ በዚህ ፈተና ላይ ይታወቃል፤ ሌላ አምስት ሰዓት ተጨምሮለት ደግሞ ይፈተን።